«ባዶ ቤት ለማየት ነው ወይ የከፈልነው?»፦ ስለ ስቶክሴይ ግንብ ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም የሚኖሩ አንባቢ የላኩት ጥያቄ አጠር ተደርጎ ይኸው፦

«የጎንደር ልጅ ነኝ። ልጆቼን ይዤ ሽሮፕሸር ያለውን ስቶክሴይ ካስል አየሁ። ከውጭ ያምራል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ወንበር የለ፣ አልጋ የለ። ግድግዳው ተራቁቷል። የአዳራሹን ጣሪያ የተሸከመው ድንጋይ እንኳ ኋላ የተጨመረ መሆኑ ያስታውቃል። ባዶ ቤት ለማየት ነው ወይ የከፈልነው? ገንዘብ ያለው አገር ለምን እንደ ጥንቱ አድርጎ አያድሰውም? ደግሞስ ካስል ይሉታል እንጂ መስኮቱ ሁሉ ሰፋፊ ነው። ጠላት ቢመጣ በምን ይመክታል? የኛው የፋሲል ግንብ ይሻለኛል።»

የመጨረሻዋን አልከራከርም። የጎንደር ልጅ «ሌላ ግንብ ይሻለኛል» ቢለኝ ነው የምደነግጠው። በቀረው ላይ ግን እንነጋገር። ሥራዬ የአሮጌ ሕንፃ ጥገና ነው፤ እርስዎን ያበሳጨዎት ነገር ደግሞ እኔን ደስ የሚለኝ ነው። ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከመስኮቱ ልጀምር፤ ዓይንዎ እዚያ ላይ በትክክል ነው ያረፈው።

ስቶክሴይን ያሠራው ንጉሥ አይደለም፤ መስፍንም የጦር አለቃም አይደለም። የሱፍ ነጋዴ ነው። ስሙ የሉድሎው ሎረንስ ይባላል። ሉድሎው ከግንቡ በስተደቡብ በኩል አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሀብት የበግ ሱፍ ነበር። ሱፉ በጆንያ ታጭቆ ባሕር ይሻገራል፤ ፍላንደርስ (የዛሬዋ ቤልጂየም አካባቢ) እና ጣሊያን ላይ ተፈትሎ ይሸመናል። ሎረንስ በአገሩ ካሉት ሱፍ ነጋዴዎች ሁሉ ቀንደኛው ነበር። ለመኳንንቱም ገንዘብ ያበድር ነበር። በ1281 የስቶክሴይን ይዞታ ገዛ። ግንባታው በ1285 ገደማ ተጀምሮ በ1290ዎቹ መጀመሪያ ለመኖሪያ እንደበቃ ይታመናል። የእንጨቶቹ የዕድሜ ቀለበት ሲመረመርም ከዚሁ ዘመን ጋር ገጥሟል።

ዘመኑን ልብ ይበሉልኝ። ቦታው እንግሊዝና ዌልስ የሚዋሰኑበት ነው። ያ ድንበር ለብዙ ትውልድ ጦር ተለይቶት አያውቅም። ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1282 እና በ1283 ዘምቶ ዌልስን አስገበረ። ነጋዴያችን ቤቱን የሠራው ከዚያ በኋላ፣ አቧራው ሲረጋ ነው። ጦር በሚመላለስበት ቦታ ያን የሚያህል መስኮት የሚያስከፍት ነጋዴ ቀድሞውኑ አይከብርም።

ታዲያ ማማውና የአጥሩ ግንብ ለምን አስፈለገ? ሀብቱ በአገር የታወቀ ሰው ነው፤ ሌባና ሽፍታ አይጠፋም። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው እላለሁ፦ መታየት። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ አናቱ ጥርስ ጥርስ ያለው ግንብ ለመሥራት ከንጉሡ ፈቃድ ይጠየቃል። ያን ፈቃድ ያገኘ ሰው ከተራው ሕዝብ ወጥቶ ከባላባቶቹ ጎን ቆመ ማለት ነው። ሎረንስ ፈቃዱን ያገኘው በ1291 ነው። ልብ ይበሉ፣ ቤቱ አብዛኛው ካለቀ በኋላ! ፈቃዱ የመጣው ለደኅንነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይቆይም ነበር። እንዲህ ያሉ የፈቃድ ደብዳቤዎች ላይ የተለመደው አነጋገር «ቤቱን በድንጋይና በኖራ ግንብ እንዲያጠናክር» የሚል ነው። ኖራውን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ስለዚህ ካስል የሚለው ስም ትንሽ ይበዛበታል። በሙያችን የተመሸገ መኖሪያ ቤት ነው የምንለው። ደቡባዊውን ማማ ከግቢው ሲያዩት ያስፈራል። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ደረጃው በግድግዳው ሆድ ውስጥ ነው የሚሄደው። መግቢያው ቀድሞ ተነሺ ድልድይ ነበረው፤ ድልድዩ ሲነሳ ማማው ከቀሪው ቤት ይቆረጣል። በዙሪያው ጥልቅ ቦይ ተቆፍሯል። የአጥሩ ግንብ ከቦዩ ሥር ሲለካ አሥር ሜትር ይደርስ ነበር። ይህን ሁሉ አይተው ወደ ምዕራብ ይዙሩ፦ የአዳራሹ ትልልቅ መስኮቶች ፊት ለፊት ወደ ውጭ ያያሉ። በር ላይ ዘበኛ አቁሞ የጓሮውን መስኮት ከፍቶ እንደመተኛት ነው።

ጠላት የምር የመጣው ከ350 ዓመት በኋላ ነው። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በ1645፣ ግንቡን የንጉሡ ወታደሮች ይዘውት ነበር። ስምንት መቶ ያህል የፓርላማ ጦር መጥቶ ከበበው። ጥቂት ተነጋገሩ፤ የውስጦቹ እጅ ሰጡ። አበቃ። ቤቱ ስላልተዋጋ ዳነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓርላማው ምሽግነቱ እንዲፈርስ አዘዘ፤ ጉዳቱን የቀመሰው ግን የአጥሩ ግንብ እንጂ ቤቱ አልነበረም። እርስዎ «በምን ይመክታል?» ብለው ለጠየቁት ታሪኩ የሰጠው መልስ ይኸው ነው፦ አልመከተም፤ ለዚህም ነው ዛሬ ያዩት።

ሎረንስ ራሱ በቤቱ ብዙ አልኖረበትም። በ1294 ንጉሡ ከፈረንሳይ ጋር ለገጠመው ጦርነት ገንዘብ አስፈለገው። በሱፍ ላይ በጆንያ 40 ሺሊንግ ቀረጥ ሲጣል ከንጉሡ ጋር የተስማሙት ትልልቆቹ ነጋዴዎች ናቸው፤ ከፊት ያለው ሎረንስ ነበር። ነጋዴዎቹ ደግሞ ቀረጡን ከኪሳቸው አልከፈሉም፤ ከበግ አርቢው የሚገዙበትን ዋጋ ቀነሱ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሎረንስ ሱፍ ጭኖ ወደ ሆላንድ አካባቢ ሲጓዝ መርከቡ በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ ሰጠመና ሞተ። የደንስታብል ገዳም ዜና ጸሐፊ ነገሩን ሲመዘግብ ሐዘን የለበትም። በሱፍ ሻጮቹ ላይ በደል የሠራ ሰው ሱፍ በተሞላ መርከብ ሰጠመ እያለ ነው የጻፈው። መነኩሴው እንዲህ ካለ ገበሬው ምን ይል እንደነበር ይገምቱት።

አሁን ወደ ባዶነቱ።

የሎረንስ ልጆችና የልጅ ልጆች ቤቱን እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያዙት፤ ከዚያ በጋብቻ ወደ ሌላ ቤተሰብ አለፈ፤ ተሸጠ፤ እንደገና ተሸጠ። በ1620 የክሬቨን ቤተሰብ እጅ ገባ። ያ ቢጫው በር ቤት፣ አዳምና ሔዋን የተቀረጹበት፣ የተሠራው በነሱ ጊዜ በ1640 እና በ1641 ነው። ፎቶ ያነሱት እሱን እንደሆነ እገምታለሁ፤ ሁሉም እሱን ነው የሚያነሳው። ከዋናው ቤት በ350 ዓመት እንደሚያንስ ግን ብዙው ሰው አያውቅም።

ክሬቨኖች ሌላ ቦታ ብዙ ቤት ስለነበራቸው ስቶክሴይን አከራዩት። ቀስ በቀስ የእርሻ ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። ያ የተከበረ አዳራሽ እህል ተከማቸበት፣ በርሜል ተሠራበት። ማማው ውስጥ አንጥረኛ ገባ፤ በ1830 ማማው ተቃጠለ። ሲሰሙት ያሳዝናል አይደል? እኔ ግን ይህን ነው ዕድል የምለው። በእንግሊዝ እንደ ስቶክሴይ ያሉ ብዙ ቤቶች ነበሩ። ባለቤቶቻቸው በየዘመኑ ገንዘብ ሲያገኙ መስኮቱን ቀየሩ፣ ጭስ ማውጫ ጨመሩ፣ ጣሪያውን አንስተው ፎቅ ሠሩ። ከድሮው ቤት አንድ ግድግዳ ቢተርፍ ነው። ስቶክሴይን ማንም ሊኖርበት ስላልፈለገ ማንም አላሻሻለውም። የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዳራሽ እንዳለ የቀረው በችላ ባይነት ነው።

ችላ ባይነት ግን ገደብ አለው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሊወድቅ ደርሶ ነበር። እርስዎ የታዘቡት የአዳራሹ ድንጋይ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ጣሪያውን ቀና ብለው አይተውት ከሆነ፣ ከግራና ከቀኝ ተነስተው አናት ላይ የሚገናኙ ጎባጣ ወፋፍራም የኦክ እንጨቶች አሉ። መሐል ላይ የሚደግፋቸው ምሰሶ የለም። ለዚያ ዘመን አዳራሽ ይህን ያህል ሰፊ ቦታ ያለ ምሰሶ መሸፈን የአናጢ ጀብዱ ነው። እንጨቶቹ ጠቁረዋል። አዳራሹ ጭስ ማውጫ አልነበረውም፤ ወለሉ መሐል ላይ ስምንት ማዕዘን ያለው ምድጃ ነበር፣ ቦታው አሁንም ይታያል። ጭሱ በጣሪያው በኩል ነበር የሚወጣው። ገጠር ጎጆ ቤት ያደገ ሰው ያን ጥቁረት ሲያይ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ጥቀርሻ ነው። የ700 ዓመት ጥቀርሻ።

የእነዚያ እንጨቶች እግር ቀድሞ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ዛሬ እግሩ የለም፤ እንጨቱ ከግድግዳው በወጣ ድንጋይ ላይ ነው ያረፈው። ድንጋዩ የገባው ከ1830ዎቹ ጀምሮ ክሬቨኖች ባስደረጉት ጥገና ነው። አዲስ ኦክ አምጥተው፣ ቀጥለው፣ ጥቁር ቀለም ቀብተው እርስዎ እንዳይለዩት ማድረግ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። የጎደለውን በሌላ ቁስ ደግፈው የቀረውን ሳይነኩ ተዉት። ዛሬ ሰባት መቶ ዓመት ያለው የትኛው እንደሆነ፣ ሁለት መቶ ዓመት የማይሞላው የትኛው እንደሆነ ልጅ እንኳ ይለየዋል። «ያስታውቃል» ያሉት ነገር በኛ ሙያ ጉድለት አይደለም፤ የሚፈለግ ነው።

በዚያ ዘመን ፋሽኑ ደግሞ ሌላ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ «እድሳት» ማለት ብዙ ጊዜ የመካከለኛው ዘመን ቤት እንዲህ መሆን ነበረበት ብሎ አስቦ፣ ያልነበረውን ጨምሮ፣ የነበረውን ልጦ መጣል ነበር። ስቶክሴይ ከዚህ ያመለጠው ሰው ስለነበረው ነው። ፍራንሲስ ስታክሃውስ አክተን የምትባል የአካባቢው ባለ ይዞታና ጸሐፊ በ1850ዎቹ ባለቤቱን ጎትጉታ ተጨማሪ ጥገና አስደረገች፤ ሥራውን የተቆጣጠረችው ራሷ ናት። ወጪው 103 ፓውንድ ብቻ ነበር። ለዚህች ሴት ከማንም በላይ ባለውለታ ነን ባይ ነኝ። በ1869 ርስቱን ጆን ደርቢ ኦልክሮፍት ገዛው፤ በጓንት ንግድ የከበረ ሰው ነው። እንደገና ነጋዴ እጅ ገባ ማለት ነው። እሱም በጥንቃቄ ጠገነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊና የእጅ ጥበብ ባለሙያ ዊልያም ሞሪስ የጥንት ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን በ1877 ሲመሠርት ያነሳው ሐሳብ ይኸው ነው፦ ሕንፃን ወደ አንድ ዘመን መልሶ አዲስ ከማድረግ ይልቅ ዕለት ዕለት እየተንከባከቡ እርጅናውን ማዘግየት።

ቤተሰቡ ግንቡን ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ለሕዝብ ከፍቶት ነበር። በ1986 ጥበቃውን ያኔ የመንግሥት የቅርስ ተቋም ለነበረው ለኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ሰጠ፤ በ1992 የመጨረሻዋ ባለቤት ስታርፍ ሙሉ በሙሉ በኑዛዜ ተላለፈ። ትልቁ ጥገና የተሠራው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ባዶ እንዲሆን የተወሰነውም ያኔ ነው። ከሎረንስ ዘመን የተረፈ ወንበርና አልጋ የለም። የሚገባው ዕቃ ሁሉ ግምት ይሆናል ወይም ከሌላ ቤት የመጣ ይሆናል። ደግሞ የትኛውን ዘመን እናሳይ? የሎረንስን 1291? የክሬቨኖችን 1641? ወይስ በርሜል ሠሪውን? አልጋ ሲገባ ሰው አልጋውን ያያል፤ ግድግዳውን አያይም። እኔን ብትጠይቁኝ የዚህ ቤት ትልቁ ንብረት ግድግዳውና እንጨቱ ነው። የተራቆተው ግድግዳ ቀድሞ ልስንና ቀለም እንደነበረው እሙን ነው፤ ያንን ልስን ዛሬ በግምት መልሶ መምታት ከሥሩ ያለውን ምስክርነት መሸፈን ነው። ልጆችዎ እንደሰለቻቸው ግን ይገባኛል። ይህ ውሳኔ ለልጅ ከባድ ነው።

ኖራውን ቃል ገብቼ ነበር። «ገንዘብ ያለው አገር ለምን አያድሰውም?» ለሚለው ቴክኒካዊው መልስ እዚያ ላይ ነው። ግንቡ የተገነባው በኖራ ነው። የኖራ ማያያዣ ለስላሳ ነው፤ ውኃ ይገባበታል፣ ውኃው ተመልሶ ይተንበታል። ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ኖራው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ዝናብና ውርጭ ሲበዛ የሚጎዳው ኖራው ነው እንጂ ድንጋዩ አይደለም፤ ኖራውን በየጊዜው ፍቆ መሙላት ይቻላል። ሲሚንቶ በተቃራኒው ከድንጋዩ ሊበልጥ የሚችል ጥንካሬ አለው። እርጥበቱን ይዘጋበታል። መውጫ ያጣ ውኃ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ሲወጣ ጨው ይዞ ይመጣል፣ በክረምት በረዶ ይሆናል፣ የድንጋዩን ፊት ይልጠዋል። ስለዚህ ሲሚንቶ የተመታበት አሮጌ ግንብ ለአሥር ዓመት ያምርና ከዚያ ድንጋዩ መርገፍ ይጀምራል። እድሳት ሲባል ብዙ ሰው በሐሳቡ የሚመጣለት ግን ያ ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ፣ በሲሚንቶ የተሞላ መገጣጠሚያ ነው።

ይህን ከጎንደር የተሻለ የሚያስረዳ ቦታ የለም። የፋሲል ግንብም የተሠራው በድንጋይና በኖራ ነው። በ1930ዎቹ ጣሊያኖች አንዳንዶቹን ሕንፃዎች ሲጠግኑ ሲሚንቶና አርማታ ተጠቀሙ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዩኔስኮ ድጋፍ በተሠራው ጥገና ያንን ማስወገድና ወደ ኖራ መመለስ አስፈለገ። ጥገናን መጠገን ማለት ነው። ግቢው በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እና የፋሲል ግንብ ክፍሎችም ባዶ አይደሉ እንዴ? የጎንደርን ባዶ አዳራሽ ሲያዩ ግን «ባዶ ቤት» አላሉም፤ ታሪኩን ስለሚያውቁ ራስዎ ሞሉት። በስቶክሴይ የጎደለዎት ዕቃ ሳይሆን የሎረንስ ታሪክ ይመስለኛል።

ሕጉን ባጭሩ፦ ስቶክሴይ በአንደኛ ደረጃ የተመዘገበ ሕንፃ ነው፤ ከዚያም በላይ በ1979 በወጣው የጥንታዊ ሐውልቶች ሕግ የሚጠበቅ ነው። ያለ ፈቃድ አንድ መገጣጠሚያ መፋቅ እንኳ ወንጀል ነው። ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ራሱም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ2015 ጀምሮ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፣ ፈቃዱን የሚመለከተው ደግሞ ያኔ ተነጥሎ በመንግሥት ሥር የቀረው ክፍል፣ ሂስቶሪክ ኢንግላንድ የሚባለው ነው። ድርጅቱ ከ400 በላይ ቦታዎችን ይዟል፤ ብዙዎቹ በነፃ የሚገቡባቸው ፍርስራሾች ናቸው። የከፈሉት ገንዘብ ለእነሱም ኖራ ይገዛል።

ድጋሚ ከሄዱ ሦስት ነገር ይፈልጉልኝ። አንደኛ፣ ከአዳራሹ ወደ ሰሜን ማማ የሚወጣውን የእንጨት ደረጃ። የዘመኑ ነው፤ እርከኖቹ ከግንድ የተጠረቡ ናቸው፣ አናጢዎቹ ሲገጣጥሙ የጫሩት ምልክት አሁንም ይታያል። ልጆቹ ይቁጠሩት። ሁለተኛ፣ የጌታው የግል ክፍል የሚባለው። የምድጃው ጌጥ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ያኔ በደማቅ ቀለም የተቀባ ነበር። ከምድጃው ግራና ቀኝ ወደ አዳራሹ የሚያሳዩ ትንንሽ መስኮቶች አሉ። ጌታው ከላይ ሆኖ ታች የሚበላውንና የሚያማውን ያይበታል። ሦስተኛ፣ የሰሜን ማማ ላይኛ ፎቅ። ከድንጋዩ ወደ ውጭ ተንሸራቶ የወጣው የእንጨት ክፍል፣ ከግቢው ውጭ ቆመው ቢያዩት ይሻላል።

ወደ ደቡቡ ማማ ስትወጡ ትንንሾቹን እጅ ያዙ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ በዝናብ ቀን ደግሞ ያንሸራትታል።